«ኔትወርክ የለም» ስንል የትኛው ኔትወርክ?

ዕድሜያቸው አርባን የተሻገረ አንባቢያን እንደሚያስታውሱት፣ በካሴት ዘመን ብልሽት በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። ቴፑ ክር ሲበላ ክሩ ተጎልጉሎ ይወጣል፤ ባለቤቱም ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ይመልሰዋል። ድምፁ ሲታፈን «ሄዱ» በአልኮል ይጠረጋል፤ ዘፋኙ እንደ ሰካራም መጎተት ሲጀምር ደግሞ ባትሪው ማለቁ ይታወቃል። ምክንያትና ውጤት ጎን ለጎን ስለሚታዩ የየሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትንሽ መካኒክ ነበር።

በዛሬው ጊዜ በብዙ የከተማ ቤቶች የቴፑን ቦታ እየወሰደ ያለው ሽቦ አልባው የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ይህ መሣሪያ ክር የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው፤ አንዳንዱማ ቁልፍ እንኳ የለው። ሙዚቃው ምናልባት ከባሕር ማዶ ከተቀመጠ ኮምፒውተር ተነሥቶ በፋይበር ገመድና በቴሌኮም ማማ በኩል ወደ ቤት ይደርሳል፤ ከራውተሩ እስከ ማጫወቻው ያሉትን የመጨረሻ ጥቂት ሜትሮች ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ ያቋርጣል። እናም በዘፈኑ መካከል ድንገት ዝምታ ሲሆን ከሁላችንም አፍ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም»።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ከዚህች መልስ ጋር ነው። መልሷ ሐሰት ናት አንልም፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ናት። ቅሬታችን ምርመራውን ገና ሳይጀመር የምትዘጋ መሆኗ ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ እስኪጀምር፣ መስመሩን የሚያቀርበው ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ ቢለዋወጥም። ተጠያቂው አንድ በሆነበት አገር ጥያቄውም አንድ መሆኑ አይደንቅም። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ሙዚቃ እንዲሰማ ቢያንስ ሦስት ነገሮች በአንድነት መሥራት አለባቸው፤ እነርሱም የሙዚቃው አቅራቢ ኮምፒውተር፣ ከደጅ እስከ ራውተሩ የሚደርሰው መስመርና ከራውተሩ እስከ ማጫወቻው ያለው የቤት ውስጥ ኔትወርክ ናቸው። ሦስተኛው ከሌሎቹ ሁለቱ ራሱን የቻለ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን፣ ማንም ያልፈለገው ሙከራ በአገራችን ተደርጓል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቆይ፣ በየቤቱ ያሉት ራውተሮች ሞገዳቸውን ከመርጨት አላቋረጡም። በኮምፒውተሩ ውስጥ ዘፈን ያከማቸ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ከኮምፒውተሩ ወደ ማጫወቻው ሙዚቃ ለመላክ የሚያግደው አልነበረም። ኢንተርኔት አልነበረም፤ ኔትወርክ ግን ነበረ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ከዚሁ ይመነጫል። ሙዚቃው ሲቆራረጥ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዘፈን በዚያው ማጫወቻ ማጫወት ነው። እርሱም ከተቆራረጠ ጥፋቱ ከግድግዳችን ወዲህ ነው፤ ያለ እንከን ከተጫወተ ከግድግዳችን ወዲያ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ዓለምንም ለሁለት ይከፍላታል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ራውተሩን አጥፍቶ፣ ስልኩን አስነሥቶ፣ ማጫወቻውንም አዛውሮ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ሙዚቃውን አገኘ እንጂ ምክንያቱን አላገኘም፤ ችግሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስም እንደ ቀድሞው ባዶ እጁን ይጠብቀዋል።

ዝምታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ለሀዋሳ ነዋሪ ሮቶ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻንም። የቧንቧ ውኃ መጣ ቀረ በሚልበት ሰፈር ሮቶው የመጣውን አከማችቶ ለቤቱ በእኩል ያወርዳል፤ ቤተሰቡም ውኃ መቋረጡን የሚያውቀው ሮቶው ሲደርቅ ነው። ማጫወቻውም በውስጡ እንዲሁ ያለ ሮቶ አለው፤ ባለሙያዎቹ «በፈር» ይሉታል። በጥሩ ጥራት የታመቀ ሙዚቃ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ይፈልጋል እንበል። ሮቶው የ10 ሰከንድ ስንቅ፣ ማለትም 3,200 ኪሎቢት ይይዛል። መስመሩ የሚያመጣው ግን በሰከንድ 240 ኪሎቢት ብቻ ቢሆን በየሰከንዱ 80 ኪሎቢት ይጎድላል፤ ሮቶው በ40 ሰከንድ ይደርቃል። ማጫወቻውም ዝም ብሎ እስኪሞላ 13 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና እንደገና 40 ሰከንድ ይጫወታል። አድማጩ ሰዓት ይዞ ቢቀመጥ ሙዚቃው ከጠቅላላው ጊዜ ሦስት አራተኛውን እንደተሰማ ያገኛል፤ የ320 ሦስት አራተኛ ደግሞ 240 ነው። ተማሪዎች በዚህ ስሌት ውስጥ የሮቶው መጠን ተሰርዞ እንደሚወጣ በወረቀት እንዲያረጋግጡ እንጋብዛለን። ስለዚህ የማጫወቻውን ሆድ ሳንከፍት፣ ከእጅ ሰዓት በቀር ሌላ መሣሪያ ሳንይዝ፣ ወደ ቤታችን የሚገባውን የመረጃ ፍጥነት በግምት ለክተናል ማለት ነው። መፍትሔውም ከዚያው ይወጣል፤ የሙዚቃውን ጥራት ከ320 ወደ 160 ኪሎቢት ዝቅ ማድረግ። በነገራችን ላይ በ320 ኪሎቢት አንድ ሰዓት ማድመጥ 144 ሜጋባይት ይበላል፤ የአንድ ጊጋባይት ጥቅል በሰባት ሰዓት ገደማ ያልቃል ማለት ነው። የጥቅሉን ዋጋ የሚከፍል ወላጅ ይህን ቢያውቅ አይጠላም።

ዝምታው እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌለው፣ አንዴ በሁለት ደቂቃ፣ አንዴ በግማሽ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ወደ ሞገዱ እንሄዳለን።

አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የሚጠቀሙት 2.4 ጊጋኸርዝ ገደማ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ድግግሞሽ ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ይህን ስሌት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ምን እንደሚከተለው ግን ጥቂቶች ብቻ ይጠይቃሉ። ሄንሪክ ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1888 የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ርዝመት ሲለካ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የዚንክ ሉህ አቆመ። ወደ ሉሁ የሚሄደውና ከሉሁ የሚመለሰው ሞገድ ተደራርበው በአንዳንድ ቦታ ሲደጋገፉ፣ በሌላ ቦታ ሲጣፉ አየ። የእኛም የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። በኸርትዝ ቤተ ሙከራ የታየው ነገር ከቆርቆሮው፣ ከብረት በሩና ከመስታወቱ ጀርባ በሚመለሱ ሞገዶች ምክንያት በየሳሎናችን ይደገማል። ሞገዶቹ በሚጣፉባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ማጫወቻውን ሦስትና አራት ጣት ወደ ጎን ገፋ በማድረግ ብቻ ሙዚቃው ሲመለስ ብዙዎች እንደ ተአምር ያዩታል፤ ተአምሩ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ የቆየ ነው።

እነዚህ ከየግድግዳው የሚመለሱ ማሚቶዎች ሽቦ አልባ ኔትወርክን ከጅምሩ ሊያስቀሩት ደርሰው ነበር። አንዱ መልእክት በተለያየ መንገድ ተጉዞ በተለያየ ጊዜ ሲደርስ፣ የፊተኛው ቢት ማሚቶ በኋለኛው ቢት ላይ ይወድቅበታል። መፍትሔውን በ1990ዎቹ ካገኙት መካከል ጆን ኦሱሊቫን የተባለው አውስትራሊያዊና የሲሲሮ የምርምር ተቋም ባልደረቦቹ ይገኛሉ። ሰውዬው በ1970ዎቹ እየተነኑ ከሚፈነዱ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ይመጣል የተባለውን የሬዲዮ ብልጭታ ሲፈልግ የነበረ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሰው ነው። ብልጭታውን አላገኘም። ለፍለጋው የተጠቀመበት የፉሪየር ስሌት ግን አንዱን ፈጣን የመረጃ ጅረት ወደ ብዙ ዝግተኛ ጅረቶች ከፍሎ በአንድ ጊዜ ለመላክ፣ በዚህም ማሚቶውን ለመቋቋም አገለገለ። «ጥቁር ጉድጓድ ለኢትዮጵያ ምን ይረባታል?» እያሉ በየስብሰባው ለሚጠይቁን ሰዎች መልሳችን በኪሳቸው ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ሳሎናችን እንመለስ። ራውተሩ የሚረጨው ኃይል 100 ሚሊዋት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ማጫወቻው ዘንድ ሲደርስ ከዋት አሥር ቢሊዮንኛ ሊሆን ይችላል፤ በባለሙያዎች አነጋገር 70 ዲሲቤል ከአንድ ሚሊዋት በታች ማለት ነው። ይህም ለማዳመጥ ይበቃል። የጭቃና የብሎኬት ግድግዳ ከዚህ ላይ የተወሰነ ይቀንሳል፤ ፌሮ የበዛበት አርማታ የበለጠ ይቀንሳል፤ ብረት በር ደግሞ ከናካቴው ሊዘጋው ይችላል። ውኃም ይመጥጠዋል። የሰው ገላ አብዛኛው ክፍል ውኃ ነውና እንግዳ የሞላበት ሳሎን ለሞገዱ ከባዶው ሳሎን ይልቅ ጨለማ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከሰሐንና ከትሪ ጋር አያስቀምጥም። በአገራችን ቤቶች የራውተር የተለመደ ቦታ ግን ቡፌው ነው፤ ለጌጥ ይሁን ከልጆች እጅ ለመሸሸግ፣ ምክንያቱን አንመረምርም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በሀዋሳ አሞራ ገደል አቅራቢያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ማጫወቻው ከሰኞ እስከ ዓርብ ደኅና ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ይቆራረጥበት ነበር። የሞገዱ ጥንካሬ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ ስልኩ ላይ ያሉት ዘንጎች ሁሉ ሙሉ ናቸው። ወደ ራውተሩ የተላከ የ«ፒንግ» ጥያቄ በአዘቦት ቀን በጥቂት ሚሊሰከንድ ሲመለስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መቶዎች ሚሊሰከንድ ይፈጅ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይቀር ነበር። ራውተሩ ከማጫወቻው ስምንት ሜትር ርቀት ላይ ነው። እንግዲህ ዘንጉ ሙሉ ሆኖ መልእክቱ ለምን አይደርስም?

መልሱን ለማየት ጠዋት ወደ ዓሣው ገበያ መውረድ ይበቃል። ጀልባዎቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ሲለይ፣ ገዢና ሻጭ ሲከራከር፣ አባ ኮዳዎቹም ከሰው እግር ሥር የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ፣ አጠገባችን ለቆመው ሰው እንኳ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደግመን መናገር አለብን። የድምፃችን ኃይል ከሌላ ጊዜ አላነሰም፤ አየሩ ግን በሌሎች ድምፅ ተይዟል። ስልኩ ላይ ያሉት ዘንጎች የሚነግሩን የራውተሩን ድምፅ ከፍታ ብቻ ነው፤ የገበያውን ጫጫታ አይነግሩንም። በዋይፋይ ሕግ ማንኛውም መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል፤ ሁለት በአንድ ጊዜ ተናግረው ከተጋጩ ሁለቱም በዕጣ የተለያየ ጊዜ ጠብቀው ይደግማሉ። የዚህ ሥርዓት ሥር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ የሃዋይ ደሴቶችን ኮምፒውተሮች በሬዲዮ ለማገናኘት እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ላይ ያዋሉት «አሎሃ» የተባለው ኔትወርክ ነው። ጨዋ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪው ሲበዛ ጊዜው ሁሉ በመጠበቅና በመድገም ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር በእንግዳ ይሞላል፤ ሆቴሉ፣ ዓሣ ቤቱና ጎረቤቱ የየራሱን ራውተር ይዟል፤ ከጎብኚዎቹም ብዙዎች ስልካቸውን «ሆትስፖት» አድርገው ይጠቀማሉ።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ተቆጥረዋል፤ አንዱ ቻናል ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። «3 ላይ ማንም የለም» ብሎ ወደዚያ የሚዛወር ሰው በ1 እና በ6 መካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ወገን ጫጫታ ይሰማል፤ ንግግራቸውን ስለማይረዳም ተራ መጠበቅ አይሆንለትም። ወዳጃችን ደግሞ ችግሩን ለመፍታት ገንዘብ አውጥቶ «ሪፒተር» ገዝቶ ነበር። ሪፒተር የሰማውን በዚያው ቻናል የሚደግም መሣሪያ ነው፤ ሞገዱ ለማይደርስበት ቤት ይጠቅማል፤ በጫጫታ ለተቸገረ ቤት ግን በገበያው መሐል አንድ ተጨማሪ ጯሂ መቅጠር ነው። ነገሩ የተፈታው ማጫወቻው ከጀርባው የገመድ መሰኪያ እንዳለው ሲታይ ነው። ከራውተሩ አንድ የኔትወርክ ገመድ በግድግዳው ሥር ተዘረጋለት፤ ከሪፒተሩ ዋጋ በብዙ ያነሰ ወጪ። መሰኪያ የሌለው ማጫወቻ ቢሆን 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበል መሆኑ ይታይ ነበር፤ በዚያ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ሞገዱም ግድግዳን በቀላሉ ስለማያልፍ የጎረቤት ጫጫታ ይቀንሳል።

ከወንጀለኞች ጋር በከንቱ የሚከሰስም አለና ፍርድ እናስተካክል። ብዙ ቤተሰብ «ምጣዱ ሲሰካ ኔትወርክ ይጠፋል» ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፤ የቤቱን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርገዋል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። የአብዛኞቹ ራውተሮች ቻርጀር ላይ ግን «100–240 ቮልት» ተጽፎ እናገኛለን፤ ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ አይሰማውም። ቆጣሪው ካልዘለለ ወይም ማከፋፈያው ካልላላ በቀር ምጣዱ ነጻ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ግን ሌላ ነው። ድግግሞሹ 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ኃይሉም እስከ አንድ ሺህ ዋት ስለሚደርስ፣ በበሩ ዙሪያ ከአሥር ሺህ አንዱ እንኳ ቢያመልጥ ከራውተሩ ጋር የሚተካከል ጫጫታ ይሆናል።

ጨርሶ የማይጀምር ማጫወቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአድራሻ ችግር አለበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ በቤት ያለው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ማጫወቻው በጥቂት ሰከንድ ነቅቶ አድራሻ ሲጠይቅ ራውተሩ ገና አልነቃም፤ መልስ ሲያጣ አንዳንዱ ማጫወቻ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጥና ከማንም ጋር ሳይገናኝ ይቀመጣል። ራውተሩ እስኪረጋጋ ጠብቆ ማጫወቻውን ነቅሎ መሰካት ይበቃል። እንዲሁም ስልኩ በሞባይል ዳታ ላይ ሆኖ ማጫወቻውን ቢፈልገው አያገኘውም፤ ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መሆን አለባቸው። በአባት ስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ማጫወቻም አባት ከቤት ሲወጡ ዝም ይላል፤ ይህን የመሰለ «ብልሽት» ወደ ጥገና ቤት ተወስዶ እንደነበር ሰምተናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር። ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት አንድ ነገር ነው፤ በመርፌ የሚጫነውን የ«ሪሴት» ቀዳዳ መንካት ሌላ። ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪው ያስገባውን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» በእውነት ይፈጸማል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህ ሁሉ የቴክኒሽያን ሥራ እንጂ ፊዚክስ አይደለም ይሉናል። አንስማማም። ተማሪዎቻችን የማክስዌልን እኩልታዎች በቃላቸው ጽፈው ፈተና ያልፋሉ፤ ስለ ቋሚ ሞገድ ሲጠየቁም በገመድ ላይ ይሥሉልናል። ሞገዱ በራሳቸው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሙዚቃቸውን ሲያጠፋባቸው ግን አያውቁትም። የቤተ ሙከራ ዕቃ የለንም የሚለው ምክንያትም ዛሬ ሙሉ አይደለም፤ ምንም እንኳ እጥረቱ እውነት ቢሆን። የሞገድን ጥንካሬ በዲሲቤል የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች በብዙ ስልኮች ላይ ይሠራሉ፤ ስልኩም በተማሪው ኪስ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችንና ለከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ መምህራን አንድ ሙከራ እናቀርባለን። አንድ ራውተር በክፍሉ አንድ ጫፍ ይቀመጥ፤ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ይስተካከል። በሌላው ጫፍ አንድ ሉህ ቆርቆሮ ወደ ራውተሩ አቅጣጫ ይቁም። ተማሪው ስልኩን በእንጨት ላይ አሥሮ ከቆርቆሮው ፊት በአንድ በአንድ ሳንቲ ሜትር እያራቀ ንባቡን ይመዝግብ፤ በእያንዳንዱ ቦታ አሥር ጊዜ ይለካና አማካዩን ይውሰድ፤ ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር ይዋዥቃልና። ሠላሳ ነጥቦች በግራፍ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ሸለቆዎች መታየት አለባቸው፤ በመካከላቸውም ያለው ርቀት ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ተማሪ በራውተሩና በቆርቆሮው መካከል ይቁምና ልኬቱ ይደገም። ቆርቆሮው ከቤተ ሙከራው ሕንፃ ጀርባ ካለፈው ጥገና ተርፎ ተደግፎ ቆሟል።